ልሙጥ አንዴ ብቻ ይጠይቃል

በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት አንድ የደሴ ሰው ከአልጋው ተነሥቶ ደጃፉን እስኪሻገር ድረስ፣ ሲያንስ ሲያንስ ሠላሳ ሰባት ጊዜ አስተያየቱን ይጠየቅ ነበር። አልጋው ስለ እንቅልፉ ይጠይቃል። ፎጣው ይጠይቃል። ማንኪያው ከእያንዳንዱ ጉርሻ በኋላ ይጠይቃል። ያልተመለሰለት በር አይከፈትም። ሆጤ ሰፈር አንድ ሰው የመታጠቢያ ቤቱን በር ተቀይሞ ዝም ቢለው፣ ሦስት ቀን ውስጥ ከርሞ በመጨረሻ በመስኮት በገመድ ወረደ፤ መሬት ሲደርስ ገመዱ አወራረዱ እንዴት እንደነበር ጠየቀው። ይህን የሚያውቅ ሰፈርተኛ ከሁለት መቶ አያንስም።

ምንዳዬ እንድሪስ ለዚህ ሁሉ አንድ መልስ ነበረው። «ደህና ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜው ያላመሰገነው ዕቃ ደሴ ውስጥ አልተሠራም። የፈላ ውሃ ያፈሰሰበትን ቧንቧ ሳይቀር አመስግኗል።

ቧንቧ ደግሞ ሥራው ነው። የከተማው ውሃ ሠራተኛ ሆኖ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖሯል። ደሴ በእነዚያ ዓመታት ወደ ላይ አድጋ የጦሳን ተራራ በቁመት ልትበልጠው ምንም አልቀራት፤ ከሥር ያለው የውሃ መስመር ግን ያው የድሮው ነው፤ በሕንፃ ላይ ሕንፃ ሲጫንበት ካርታው ጠፍቷል። የትኛው የውሃ መዝጊያ ቫልቭ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው። እሱም ምንዳዬ ነው፤ የሚያውቀውን ሁሉ የጻፈው ልሙጥ ላይ ነው።

ልሙጥ በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራ የማስታወሻ መጻፊያ ነው። ሲከፍቱት ነጭ ገጽ ይመጣል። ከነጩ ገጽ በቀር ምንም የለም። ምንዳዬ እዚያ ላይ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ አርባ ማስታወሻ አለው፤ እንዲህ እንዲህ የሚል፦ «ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከቀዩ ግንብ ሦስት እርምጃ ወደ ጦሳ፣ አንድ ክንድ ጥልቀት። ወደ ግራ ነው የሚዘጋው። ባለቤትየዋ ትቆጣለች፣ ቀድሞ ማስነገር።» ጠዋት የሚፈልገውን ገጽ በገጽ ገልጦ ያገኘዋል፤ መዳፉ ላይ በብዕር ይገለብጠዋል፤ መዳፉን ይዞ ይወጣል። በዝናብ ቀን እጁን ኪሱ ከትቶ ነው ከተማውን የሚያቋርጠው።

ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ጭንቅላቱ ማፍሰስ ከጀመረ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረው፤ እሱም ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ረሳው። አንድ ማለዳ የገዛ ቤቱ ዋና መዝጊያ የት እንደሆነ ጠፍቶት ልሙጥን ከፈተ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ነጭ ገጽ ለምንዳዬ ማስታወሻ መሆኑ ቀርቶ ግማሽ ራሱ ሆነ።

ልሙጥ ሲጀመር እንዲህ የተራቆተ አልነበረም። አርባ ሁለት መሣሪያ ነበረው። መፈለጊያ ነበረው፣ ቀለም ነበረው፣ ቀን መመዝገቢያ፣ መገልበጫ፣ የተሳሳቱትን መመለሻ። ታዲያ ሠሪዎቹ በየዓመቱ ተጠቃሚውን መጠየቅ ያዙ፦ «መፈለጊያው ይቆይልዎ?»

አገሩ ደግሞ ያደገበት አስተዳደግ አለ። እንግዳ «ብላ» ሲሉት «አይ፣ አሁን በልቼ ነው» ይላል። «በሞቴ» ሲሉት «ያኑርህ፣ ጠግቤያለሁ» ይላል። ሦስተኛው «አፈር ስሆን» ላይ ብድግ ብሎ እጁን ይታጠባል። በመጀመሪያው ጥሪ ማዕድ ላይ የተቀመጠ ሰው ለልጅ ልጁ የሚተርፍ ስም ያወጣል። ስለዚህ ሦስት ሚሊዮን ተጠቃሚ በአንድ ድምፅ «አይ፣ ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ» አለና፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቀ።

ልሙጥ «እናመሰግናለን» አለና መፈለጊያውን አነሣ።

በሚቀጥለው ዓመት ቀለሙ ሄደ። ከዚያ ቀኑ፣ ከዚያ መገልበጫው። ሕዝቡ በየዓመቱ ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ጥሪ በየዓመቱ ይቀራል። ልሙጥ በዓለም ተወዳዳሪ የሌለው ቀላል መጻፊያ ተብሎ አሥራ አራት ሽልማት ወሰደ። ከሩቅ ምሥራቅ ሳይቀር ባለሙያዎች መጥተው ደሴ ላይ አንድ ክረምት ተቀመጡ፤ «ይህ ሕዝብ ከቁስ ሐሳብ የተላቀቀ ነው» የሚል የአንድ ሰው ሸክም የሚሆን ጥናት ጽፈው ሄዱ። የጋበዟቸው ቤቶች ሦስት ሦስት ጊዜ ሊለምኗቸው ሲሰናዱ፣ ሰዎቹ በመጀመሪያው ጥሪ እየበሉ ነው የከረሙት።

ዘንድሮ ደግሞ ልሙጥ ወደ ማስታወሻዎቹ ደርሶ፣ እያንዳንዱን ሰው በተራ በተራ ይጠይቅ ነበር። የምንዳዬ ተራ ሰኞ ማለዳ ደረሰ። ልሙጥን ሲከፍት ገጹ ላይ አንዲት መስመር አገኘ። «የቆዩ ማስታወሻዎችዎ ይቆዩልዎ?» ትላለች።

ልቡ ዘለለ። እጁ ግን ከልቡ ቀድሞ «አይ፣ ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ» ብሎ ጽፎ ነበር። ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ነው፤ ባለቤቱን አያማክርም።

«እናመሰግናለን» አለ ልሙጥ። «የቆዩት ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይነሣሉ።»

ሚስቱ አስካለ ነገሩን ስትሰማ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች።

«እምቢ አልክ?»

«እምቢ አላልኩም። አትቸገሩ ነው ያልኩት።»

«ማንን ነው የማታስቸግረው? ብረቱን?»

«ደግመው ይጠይቁኛል ብዬ ነዋ። በደንቡ...»

«እኔን ሊያጩ የመጡ ሽማግሎች አባቴን አራት ጊዜ ተመላልሰው ነው የለመኑት» አለች አስካለ። «ያኔ እንደዚህ ብረት አንዴ ብቻ ጠይቀው ሄደው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ አልተጋባንም ነበር።»

ምንዳዬ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ማስታወሻውን በእጁ ወደ ደብተር መገልበጥ ጀመረ። ሦስት ቀን ሙሉ ከወንበሩ አልተነሣም ማለት ይቻላል። ሐሙስ ላይ ጣቶቹ ሙዝ አክለው ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ማስታወሻ ላይ ቆሙ። የቀረው ስድስት ሺህ ከአምስት መቶ ነው። ዓርብ ምሳውን ሳይበላ ባርኔጣውን አድርጎ ልሙጥ ቤት ወደሚባለው፣ አራዳ ሰፈር ወዳለው ሕንፃ ሄደ።

አሳንሰሩ አሥራ አራተኛ ፎቅ አድርሶ አወጣጡ እንዴት እንደነበር ጠየቀው። «ደህና ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ።» በሩ ተከፈተ። መቶ ሰው የሚያስቀምጥ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተሩ ኋላ በሻሽ የተጠቀለለች፣ ዕድሜዋ ሃምሳውን ያለፈ ሴት። ሉባባ ይማም ትባላለች። የልሙጥ ሠሪዎች በየአገሩ ተበትነዋል፤ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ያለችው ሰው እሷ ብቻ ናት። ማሽን ያልገባውን አስተያየት ማንበብ ነው ሥራዋ።

ምንዳዬ ጉዳዩን ቆሞ ነገራት። ሁለት ጊዜ «ይቀመጡ» አለችው፤ በሦስተኛው ተቀመጠ።

«መልስዎ እኔ ዘንድ አልደረሰም» አለች ሉባባ ገጹን እያየች። «ማሽኑ ያልገባው ነገር የለውማ። አይ ብለዋል፣ አይ ነው።»

«አይ ማለቴ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ጋሽ ምንዳዬ፣ ቦሩ ሜዳ ነው ያደግሁት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ተቀምጬ ‹አትቸገሩ› ሳነብ ነው የኖርኩት። አንዳንዱ ‹አትቸገሩ› ብሎ ከሥሩ የልጆቹን ደህንነት ይጽፍልኛል። አንዳንዱ ‹እናንተ ብቻ ደህና ሁኑ› ይላል። አንድ የሐይቅ ሰውዬ ‹መፈለጊያው ይቅርብኝ፣ ግን ደጋግማችሁ ብትጠይቁኝ ምናልባት› ብሎ አቋርጦታል። ስድስት ቀን አለቀስኩለት።»

«ታዲያ ለአለቆቹ አይነግሯቸውም?»

«ነገርኳቸው እንጂ። በዚህ አገር የመጀመሪያው አይ፣ አይ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ጠይቁ ብዬ አርባ ገጽ ጻፍኩላቸው። ደረሰን አሉ። ‹ይህ አስተያየትዎ መዝገብ ውስጥ ይቆይልዎ?› ብለው መልሰው ጠየቁኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

ሉባባ ሻሿን አስተካከለች። «ምን እላለሁ። አትቸገሩ አልኩ።»

ምንዳዬ ቀና ብሎ ባዶውን አዳራሽ ቃኘ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስምንት ተኩል ይላል።

«አንድ መንገድ አለ» አለች ሉባባ። «ማንም ሄዶበት አያውቅም። አይ ያለ ሰው ቃሉን ማንሣት ይችላል። ነገር ግን የልሙጥ ሕግ፣ አንድ ከገባ አንድ ይውጣ ነው። ማስታወሻዎን ልያዝ ካሉ፣ በምትኩ ከልሙጥ የሚነሣ አንድ ነገር ይነግሩኛል። እሱን ለሁሉም ተጠቃሚ አቀርበዋለሁ። በአሥራ አንድ ሰዓት ይቆጠራል። ይነሣ ካሉ ማስታወሻዎ ይተርፋል፤ ይቆይ ካሉ ይሄዳል።»

«ምን የሚነሣ ነገር አለው ደግሞ? አጥንቱ ነው የቀረው።»

«አራት ነገር ቀርቶታል። ገጹ፣ ፊደሉ፣ ማስቀመጫው፣ ጥያቄው።»

ምንዳዬ በጣቱ ቆጠረ። ገጹ ከተነሣ መጻፊያ የለም። ፊደሉ ከተነሣ የሚጻፍ የለም። ማስቀመጫው የራሱ የሚለምነው ነገር ነው። አራተኛው ጣቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ጥያቄው ማለት?»

«ይሄው ‹ይቆይልዎ ወይ› የሚለው።»

ጥያቄን ማንም ሰው እንደ ዕቃ አስቦት አያውቅም። መጠየቅ እንደ ሰላምታ ነው፤ ከቤቱ ሰላምታ ይውጣልኝ የሚል ሰው የት ተሰምቶ ያውቃል? ምንዳዬ ሐሳቡን ወደ ኋላም ወደ ፊትም አገላበጠው። ከዚያ ዓይኑ አዳራሹ ውስጥ ባለችው አንዲት ጠረጴዛ ላይ ዐረፈ።

«እሱ ከተነሣ እርስዎስ?»

«ጥያቄ ከሌለ መልስ የለም። መልስ ከሌለ አንባቢ ለምን ይቀመጣል?» አለች፤ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ነው የሚመስለው።

ምንዳዬ ባርኔጣውን ከጉልበቱ አነሣ። «እንግዲያው ይቅር። እኔም እኮ መጠየቁ አይከፋም ብዬ ነው እንጂ፣ ያን ያህል አስፈልጎኝ አይደለም። ሁሉም እዚህ አለ» ብሎ ግንባሩን ነካ ነካ አደረገ።

«ይሁን» አለች ሉባባ። «የሰኞ ገበያው ቫልቭ የት ነው?»

ምንዳዬ አፉን ከፈተ። ሰኞ ገበያን አየው፤ የገበያውን ጭቃ፣ የበርበሬ ተራውን፣ አንድ ክረምት ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ መዝጊያውን ሲያዞር በዙሪያው የነበሩትን ሰዎች ፊት አየ። እጁ የዞረበትን አቅጣጫ ሳይቀር ክንዱ ላይ ይሰማዋል። ቦታው ግን የለም። በነበረበት ላይ ነጭ ገጽ አለ።

«ግንብ አለ» አለ ከብዙ ጊዜ በኋላ።

«ግንብ የሌለበት የት አለ።»

ምንዳዬ ባርኔጣውን መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«ስሙኝ» አለች ሉባባ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «እኔ ደግሜ ብለምንዎ ደስ ይለኝ ነበር። ማር በሆነ አፍ እለምንዎት ነበር። ግን መልሱን የሚሰማው ማሽኑ ነው፤ እሱም አንዴ ነው የሚጠይቀው። ስለ እኔ አያስቡ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ትሕትና ሲባክን ቆጥሬያለሁ፤ ደክሞኛል።»

ቅጹን ከፈተች። «በምትኩ የሚነሣው» ከሚለው ፊት ራሷ «ጥያቄው» ብላ ጻፈች። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረች። ገጹ ላይ አንድ መስመር አለ።

«ማስታወሻዎ እንዲቀመጥልዎ ይፈልጋሉ?»

ምንዳዬ እንድሪስ ስድሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም፣ ለምንም፣ በመጀመሪያው ጥሪ አዎን ብሎ አያውቅም። አፉ ውስጥ «አይ» ተሰናድታ ቆማለች፤ ከኋላዋ «ለእኔ ብላችሁ» ተሰልፋለች። የአባቱ ፊት ታየው፣ የአያቱ ፊት ታየው፣ እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ እጃቸውን ሳይታጠቡ በትዕግሥት የተቀመጡ ሰዎች ታዩት። የዚች ሴት እንጀራም ጠረጴዛው ላይ ነው። አንገቱ ድረስ አፈረ።

«እፈልጋለሁ» ብሎ ጻፈ።

ጥያቄው በአንድ ቅጽበት ለሦስት ሚሊዮን ሰው ወጣ። «ከእንግዲህ አስተያየትዎን እየጠየቅን እንቀጥል?» ይላል።

መልሱ እንደ ሐምሌ ጎርፍ መጣ። ቁጥሩ ስለሚሮጥ ዓይን አይይዘውም። ሉባባ የምትችለውን ያህል እየቀነጨበች ታነብለት ጀመር።

«‹አይ፣ ለእኔ ብላችሁ አትድከሙ።› ይሄ ከወልዲያ ነው። ‹እስከ ዛሬ ያደረጋችሁልኝ ይበቃኛል።› ይሄም ‹አትቸገሩ› ነው። ይሄም። ይሄኛው ‹ይቅር፤ ልጆቼም ደህና ናቸው፤ ትልቋ አግብታለች› ይላል።»

«እንኳን ደስ ያላት» አለ ምንዳዬ።

«አንድ የኮምቦልቻ ሾፌር ነው፤ ‹መጠየቁን ተዉት፣ ብቻ ጠፋህ ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ› ብሏል።»

በአሥር ሰዓት ላይ ከመቶ ዘጠና ስምንቱ «አትቸገሩ» ብሎ ነበር።

«ሁለቱስ?» አለ ምንዳዬ።

«ሁለቱ ቀጥሉ ብለዋል።»

«እነማን ናቸው?»

«ያልተቀጡ» አለች ሉባባ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቁጥሩ ቆመ። ምንዳዬ በልማድ «እናመሰግናለን» የሚለውን ጠበቀ፤ አልመጣም። እሱም ከጥያቄው ጋር ሄዷል። ሉባባ በራሱ ስም ገብታ ወደ ኋላ ትገልጥ ጀመር። ስድስት ሺህ ስምንት መቶ አርባው ሁሉ አለ። ሰኞ ገበያን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው፦ ከአሮጌው ወፍጮ ቤት አምስት እርምጃ ወደ ምሥራቅ፣ ከድንጋዩ ሥር። ምንዳዬ አነበበው፤ እንደገና አነበበው፤ የሌላ ሰው ጽሑፍ ያህል እየገረመው ለሦስተኛ ጊዜ አነበበው።

ሉባባ የጠረጴዛዋን መሳቢያ ከፈተች። አንድ መነጽር፣ አንድ ማበጠሪያ፣ አንድ መስገጃ ወጣ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕቃዋ በአንድ ፌስታል ገባ፤ ፌስታሉም አልሞላም። ተመልሳ ተቀመጠች። የምታነበው ነገር የለም። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ጭኗ ላይ አኖረቻቸው።

ምንዳዬ ሊሰናበት ተነሥቶ እግሩ አልሄድ አለው። በመጨረሻ የሚያውቀውን ጠየቀ።

«ቤትዎ የሚፈስ፣ የሚያንጠባጥብ ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም የለም።»

«ሲፎኑም፣ ምኑም...»

«ደህና ነው አልኩዎት፣ አልሐምዱሊላህ።»

ምንዳዬ አልተንቀሳቀሰም። «አፈር ስሆን» አለ።

ሉባባ ወደ መስኮቱ አየች። ከጦሳ የሚወርደው ጭጋግ መስተዋቱን ሸፍኖት ነበር፤ በመጥረቢያ ካልሆነ የሚፈለጥ አይመስልም።

«የማዕድ ቤቱ» አለች። «ሁለት ዓመት አልፎታል። ባልዲ አድርጌለት ነው የምውለው። ድምፁን ለምጄዋለሁ፤ ዝም ካለ እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ይሆናል።»

ምንዳዬ ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ አዞረ፣ ባበጡ ጣቶቹ ቀስ ብሎ ጻፈ። «ሉባባ ይማም፣ ሮቢት ሰፈር፣ ማዕድ ቤት፣ ነገ ጠዋት።» ቤቱን በምን እንደሚለየው ጠየቃት፤ ነገረችው፤ እሱንም ጻፈ። ከዚያ ብዕር አውጥቶ መዳፉ ላይ ገለበጠው።

«በማለዳ ከመጡ ቁርስ እኔ ዘንድ ነው እንግዲህ» አለች ሉባባ ፌስታሏን እያነሣች።

«እሺ» አለ ምንዳዬ።

ሉባባ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥሪ አፏ ውስጥ ተሰናድተው ነበር፤ ምን እንደምታደርጋቸው ግራ ገብቷት ትንሽ ቆየችና ዋጠቻቸው።